ደርሱ ስፒከሩ ላይ አልከፍት ሲል፦ የድምፅ ፋይልን ፎርማት ስለመቀየር



ኡስታዙ ደርሱን በስልካቸው ቀድተው በቴሌግራም ይልካሉ። ተማሪው አውርዶ ፍላሽ ላይ ይገለብጠውና ቤት ያለው ትንሽ ስፒከር ላይ ይሰካዋል። ስፒከሩ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም። ብዙዎቻችን ፍላሹ የተበላሸ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ፍላሹም ፋይሉም ደህና ናቸው፤ ስፒከሩ ድምፁ የተቀመጠበትን ፎርማት ማንበብ ስለማይችል ነው።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚላክ የድምፅ መልእክት የሚቀመጠው ኦፐስ በሚባል ዘዴ ተጨምቆ ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ኦግ» ወይም «ኦፐስ» የሚል ቅጥያ ይታያል። ኦፐስ በ2012 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ የጸደቀ፣ በትንሽ ዳታ ጥራት ያለው ድምፅ የሚሰጥ ዘዴ ነው። በአይፎን መቅጃ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ኤምፎርኤ ይሆናል፤ ብዙ አሮጌ ባለቁልፍ ስልኮች በኤኤምአር ይቀዳሉ። ርካሽ ስፒከሮችና የመኪና ቴፖች ግን በእርግጠኝነት የሚያውቁት ኤምፒ3ን ነው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ኤምፒ3 መቀየር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ደጋግመን የምናየው ስሕተት አለ። አንዳንዶች የፋይሉን ቅጥያ ብቻ ሰርዘው «ኤምፒ3» ብለው ይጽፉበታል። ይህ የወተት ዕቃ ላይ «ማር» ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው ነው፣ ስፒከሩም አይታለልም።

በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ነፃ የሆነው ቪኤልሲ ይበቃዋል። «ሚዲያ» ከሚለው ስር «ኮንቨርት/ሴቭ» የሚለውን ከፍተን ፋይሉን እንጨምራለን፤ ከዝርዝሩ የኤምፒ3 ድምፅ የሚለውን መርጠን፣ አዲሱ ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታና ስም ሰጥተን እናስጀምራለን። ከዝርዝሩ ጎን ያለውን የመፍቻ ምልክት ብንጫን ቢትሬቱን ማስተካከል እንችላለን።

ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ድምፅ የሚመደበው የዳታ መጠን ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀየረ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 58 ሜጋባይት ይይዛል፤ በ64 ደግሞ ወደ 29። ያልተጨመቀ ዌቭ በሲዲ ጥራት ከ600 ሜጋባይት ይበልጣል። አንድ ሰው ብቻ ለሚናገርበት ሙሓደራ 64 ኪሎቢት በአንድ ቻናል (ሞኖ) በቂ ነው። በዚህ መጠን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 270 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ለቁርኣን ቲላዋ ግን ከ128 በታች ባንወርድ እንመርጣለን።

ምክንያቱ የፊደሎቹ ነገር ነው። ሲን፣ ሣእ እና ፋእ በጆሮ የሚለዩት በአብዛኛው በላይኛውና በቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው። ድምፅ ሲጨመቅ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ኤኤምአር በተለመደው ዓይነቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ጨርሶ አይዝም። ስለዚህ ተማሪ ቂርኣቱን በኤኤምአር ቀድቶ ቢልክ ኡስታዙ ሲን ይበል ሣእ ይበል በእርግጠኝነት ለመለየት ይቸገራሉ፤ ሳይሳሳት ሊታረም፣ ተሳስቶም ሊታለፍ ይችላል። ያንኑ ፋይል በኋላ በ320 ኪሎቢት ወደ ኤምፒ3 ብንቀይረው ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን የአንድ ሸይኽን የኪታብ ደርስ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥን። ቦታ ይቆጥባል ብለን በጣም ዝቅ ባለ ቢትሬት ቀየርነውና ዋናውን ፋይል አጠፋነው። በኋላ ለስልክ እንዲመች ብለን ከዚያው ከተጨመቀው ላይ እንደገና ቀየርን። ሸይኹ ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ተማሪዎቻቸው ሲጠይቁን የሰጠናቸው ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ካሴቱም በዚያን ጊዜ ተጣብቆ አልቋል። በእያንዳንዱ ቅየራ ጥቂት ይጎድላልና ሁልጊዜ ከዋናው ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር፣ ዋናውንም በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ካሴት የሚገለብጥ ሰው መጀመሪያ በዌቭ ይቅዳና ያስቀምጠው፤ ኤምፒ3ውን ከዚያ ያውጣ።

በኢንተርኔት ላይ ፋይል ተቀብለው የሚቀይሩ ገጾችም አሉ። ለአጭር ፋይል ይመቻሉ፤ ለረጅም ደርስ ግን መጫኑም ማውረዱም ዳታ ይበላል። ከዐረብ ሀገር እህት ለእናቷ የላከችው የቤተሰብ መልእክት ከሆነ ደግሞ አማና ነውና ማንነቱን ወደማናውቀው ገጽ ባንልከው ይሻላል።

ተቀይሮም አልከፍት ካለ ፍላሹን እንይ። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች የሚያነቡት በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመን እንገልብጥ። በአማርኛና በዐረብኛ የተጻፈ የፋይል ስም የሚያደናግራቸውም አሉና በቁጥር መሰየም ይቀላል፦ 001፣ 002 እያሉ እስከ 114። አንዳንዶቹ ስፒከሮች የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን ወደ ፍላሹ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ሱራዎቹን ከፋቲሓ ጀምሮ በተራ መገልበጥ ነው።