ካቦው ኳስ ሲለምን

አባቴ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ክፍል ካቦ ነበር። ከፈረቃ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ተለጥፎ ስለሚመጣ እናቴ «ሽማግሌው መጣ» ትለው ነበር፤ ገና አርባ አልሞላውም። ምሳውን በልቶ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ጋደም ይልና ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ሸራ ጫማውን አንጠልጥሎ ይወጣል። እኔም ከኋላው።

የክፍሎች ግጥሚያ ነበር፤ ፈትል ከሽመና፣ ጥገና ከቀለም። አንድ ቀን ያየሁት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ቀኑን ሙሉ ሲያዝ የዋለው አባቴ ጎሉ ፊት ቆሞ «ስጠኝ! ስጠኝ!» እያለ ይለምናል። የሚለምነው ጠዋት አረፈድክ ብሎ የተቆጣውን ልጅ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየው፤ ኳሷን ለሌላ ሰጣት። «አንተ፣ አታይም እንዴ?» ሲለው ልጁም «አንተስ ጠዋት አይተኸኝ ነበር?» አለው። ድሬ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ የሚቀረው ይሄ «አንተ» ሜዳው ላይ ይመለሳል።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ተሰበሰበባት። ዘመድ በሌለበት አገር ሰው ከሰው የሚያስተዋውቅ ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ዕድር ነበር፤ ሌላው የፋብሪካ ቡድን። ቡድኑ ደግሞ የቀልድ አልነበረም። በ1950ዎቹ የአባቴ ፋብሪካ ቡድን ጥጥ ማኅበር አራት ጊዜ፣ የዚያችው ከተማ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሁለት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበር። አበበ ቢቂላም ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ነው። የክለቦቻችንን ስም የሚያነብ ሰው የደመወዝ መዝገብ የያዘ ይመስለዋል፦ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንኮች፤ የጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ።

እኔ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ነው። አንድ ዓመት ሒሳቡ በ27 ብር አልገጥም አለ። አለቃዬ ወረቀት ፊት ላይ የሚወረውር ሰው ነበር፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን የንብረት ክፍሉ ባልደረባዬ «አንድ ተከላካይ ጎደለን» ብሎ ከወንበሬ አነሳኝ። ሜዳው የሰኔ ጭቃ ነው። ኳስ እግርህ ሥር እያለች ስለ መዝገብ ማሰብ አይቻልም፤ ይቀሙሃል። ጭቃዬን ታጥቤ ስመለስ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ትዝ አለኝ፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። ፈለግኩ፤ 41 ብር «14» ተብሎ ተጽፏል። የማውቀውን ያስረሳኝ ጭንቀቱ ነበር።

በዚያው ግጥሚያ ከተጋጣሚያችን ግብ ጠባቂ ጋር ተጋጭተን ጣቱ ወለቀ። ወጌሻ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እየተሳደበም ቢሆን ጓደኛ ሆንን። ከአምስት ዓመት በኋላ የእሱ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ደውሎ ነገረኝ። ፈተናውን የተፈተንኩት ግን እኔው ነኝ። በዘመድ መግባትና በሰው መታወቅ የተለያዩ ናቸው።

ሁሉም ያማረ አልነበረም። በጥበቃ ስም ተቀጥሮ በሩ የት እንደሆነ የማያውቅ አጥቂ ነበረን፤ ጉልበቱ ሲሰበር ኳሱም ሥራውም ቀሩበት። በኋላ ክለቦቹ ተጫዋች በውል እየቀጠሩ ሄዱ፤ ሠራተኛው ከሜዳው ወጥቶ ተመልካች ሆነ። ዛሬ የድሮው መልክ የቀረው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያካሂደው የሠራተኞች ውድድር ላይ ነው፤ ከኳሱ ሌላ ገመድ ጉተታ፣ ዳማና ገበጣም አለ። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫን ሲጀምር 10,000 ሰው ወጣ፤ ዛሬም መሥሪያ ቤቶች ቲሸርት በጅምላ ይገዛሉ፤ ዳይሬክተሩና ሹፌሩ አንድ ዳገት ላይ ያለከልካሉ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ሥራው ሲከብዳት «ጋሼ፣ ኔትወርኪንግ ሥልጠና ልግባ?» አለችኝ። ግቢ፤ ግን መጀመሪያ የመሥሪያ ቤትሽን መረብ ኳስ ቡድን ጠይቂ፤ ካርድሽን ቤት ትተሽ ሂጂ፤ ባትችዪም ግድ የለም፤ ስትሳሳቺ ያየሽ ሰው ቶሎ ይቀርብሻል አልኳት።

ያኔ በልጅነቴ፣ ከዚያ ግጥሚያ ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን «ልጁ ለምን ኳስ ከለከለህ?» አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ኦፍሳይድ ነበርኩ» አለኝ።

አልነበረም።