የግል ፋይሎችን ሳያጠፉ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወናን ዳግም መጫን

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ከርነል ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራና ሊኑክስ ሚንትን ለመሳሰሉ ሥርጭቶች መሠረት ሆኖ ያገለግላል። እንደማንኛውም ሥርዓተ ክወና ሁሉ በተቋረጠ ማሻሻያ፣ በተሳሳተ ትእዛዝ ወይም በድንገተኛ የመብራት መጥፋት ምክንያት አልነሳም ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ የተጠቃሚው የመጀመሪያ ሥጋት ለዓመታት ያጠራቀማቸው ሰነዶችና ፎቶግራፎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ መበላሸት የፋይሎች መጥፋት ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፋይሎች የሚጠፉት ብልሽቱን ለማስተካከል በጥድፊያ በሚወሰድ እርምጃ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱን እንደ አዲስ በመጫን ሂደት የግል ፋይሎችን ለመጠበቅ መከተል የሚገባውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የግል ፋይሎች የሚገኙበት ቦታ

በሊኑክስ ሁሉም ማውጫዎች የሚነሱት በእዝባር ምልክት (/) ከሚወከለውና ሩት ከሚባለው የሥር ማውጫ ነው። የሥርዓቱ ፕሮግራሞችና የተጠቃሚዎች ፋይሎች ግን ለየብቻ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ «ሆም» በሚባለው ማውጫ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የራሱ ማውጫ አለው። ሰነዶች፣ ሥዕሎች፣ ከኢንተርኔት የወረዱ ፋይሎችና በዴስክቶፕ ላይ የሚታዩ ነገሮች በሙሉ የሚገኙት በዚህ ሥር ነው። ዳግም መጫን የሚያስፈልገው የሥርዓቱ ክፍል በመሆኑ፣ «ሆም» ሳይነካ ሌላውን መተካት የሚቻልበት ዕድል አለ።

ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎችና ማውጫዎች በመደበኛው ዕይታ አይታዩም። የኢሜይል ፕሮግራሞች መልእክቶች፣ የብራውዘር ዕልባቶችና የይለፍ ቃሎች እንዲሁም የኤስኤስኤች ቁልፎች በአብዛኛው በእነዚህ ስውር ማውጫዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። ከኡቡንቱ 22.04 ወዲህ ፋየርፎክስ የሚቀርበው በስናፕ ጥቅል በመሆኑ፣ መረጃው የሚገኘው በተጠቃሚው ማውጫ ውስጥ ባለው «ስናፕ» የተባለ ማውጫ ነው።

በሌላ በኩል፣ ከ«ሆም» ውጭ የሚቀመጡ ጠቃሚ መረጃዎችም አሉ። የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዞች እንዲሁም በኮምፒውተሩ ላይ የሚስተናገዱ ድረ ገጾች በተለምዶ የሚገኙት «ቫር» በተባለው የሥርዓት ማውጫ ሥር ነው። ኮምፒውተሩን ለሒሳብ ወይም ለደንበኞች መዝገብ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት «ሆም»ን ብቻ ቢያተርፍ ዋናውን መዝገብ ሊያጣ ይችላል።

ዳግም መጫን አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥ

ኮምፒውተሩ ቢነሳም ወደ ዴስክቶፕ አላስገባ ካለ፣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ በቅድሚያ መታየት አለበት። ቦታ በማስለቀቅ ብቻ የሚፈታ ችግር ጥቂት አይደለም። የተቋረጠ ማሻሻያም ከጥገና ሁኔታ ሆኖ ሊጠናቀቅ ይችላል። ችግሩ በአንድ ተጠቃሚ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ምክንያቱ ያለው በዚያ ተጠቃሚ የግል ማስተካከያዎች ውስጥ ነው። አዲስ የተጠቃሚ መለያ ከፍቶ መሞከር ይህን ለመለየት ይረዳል። «ሆም» እንዳለ የሚቆይ በመሆኑ እንዲህ ያለው ችግር ከዳግም ጭነት በኋላም ይቀጥላል።

ሃርድ ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይሎችን ሲያነብ ስህተት የሚያሳይ ከሆነ ጉዳዩ የሥርዓተ ክወና ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ምንም ነገር ከመጫን በፊት መረጃውን ማውጣትና ዲስኩን መቀየር ይገባል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት

በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው የመጠባበቂያ ቅጂ ሳይኖር ወደ ዳግም ጭነት መግባት አይመከርም። ኮምፒውተሩ የማይነሳ ቢሆንም ቅጂውን ማዘጋጀት ይቻላል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሥርጭቱን መጫኛ በፍላሽ ዲስክ በማዘጋጀት፣ ሳይጭኑ ለመሞከር በሚያስችለው «ላይቭ» ሁኔታ ማስነሳትና የውስጡን ዲስክ መክፈት ይቻላል። መጫኛው የሚጻፍበት ፍላሽ ቀድሞ የነበረው ይዘት ስለሚጠፋ፣ ለቅጂው ሌላ ውጫዊ ዲስክ ሊዘጋጅ ይገባል።

ውጫዊው ዲስክ በኤፍኤቲ32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የሊኑክስን የፋይል ባለቤትነትና ፈቃድም አይመዘግብም። ኢኤክስቲ4 እነዚህን ሁሉ ይጠብቃል። ስውር ፋይሎችም መቀዳታቸው መረጋገጥ አለበት። ቅጂው ካለቀ በኋላ ጥቂት ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ከውጫዊው ዲስክ ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አስተማማኝ ቅጂ ነው ሊባል አይችልም። የዳታቤዝ ይዘት ሥርዓቱ የሚነሳ ከሆነ በዳታቤዙ በራሱ የማውጫ መሣሪያ መቀዳት አለበት።

ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ፣ የይለፍ ሐረጉ በትክክል መታወቁ በቅድሚያ ይረጋገጥ። ያለዚህ ሐረግ መረጃውን ለመክፈት የሚያስችል አቋራጭ መንገድ የለም።

የዲስኩን አከፋፈል መለየት

የሥራው አካሄድ የሚወሰነው ዲስኩ በተከፋፈለበት ሁኔታ ነው። «ላይቭ» ሁኔታ ውስጥ የሚገኘው የዲስክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የፓርቲሽኖቹን ብዛትና መጠን ያሳያል።

«ሆም» የራሱ ፓርቲሽን ካለው ሥራው ቀላል ነው። የሥርዓቱ ፓርቲሽን ብቻ ፎርማት ተደርጎ የ«ሆም» ፓርቲሽን እንዳለ ይቀመጣል። ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከ33ኛው ዕትሙ ጀምሮ በዴስክቶፕ ዕትሞቹ በነባሪነት በሚጠቀመው ቢቲአርኤፍኤስ ደግሞ ሥርዓቱና «ሆም» በአንድ ፓርቲሽን ውስጥ በተለያዩ ንዑስ ክፍሎች ስለሚቀመጡ፣ በእጅ በሚደረግ አከፋፈል የ«ሆም»ን ክፍል እንዳለ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

«ሆም» ከሥርዓቱ ጋር በአንድ ተራ ፓርቲሽን ውስጥ የተቀላቀለ ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የመጫኛ ፕሮግራሞች ፓርቲሽኑ ፎርማት ካልተደረገ የሥርዓቱን ማውጫዎች ብቻ አጥፍተው «ሆም»ን ይተዋሉ። ሆኖም ይህ አሠራር በሁሉም ሥርጭቶችና ዕትሞች አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ሊታመንበት አይገባም። በዚህ ሁኔታ አስተማማኙ መንገድ ፋይሎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ቀድቶ፣ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ጭኖ፣ ፋይሎቹን መመለስ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ለ«ሆም» የተለየ ፓርቲሽን ማዘጋጀት ለወደፊቱ ሥራውን ያቀላል።

የመጫን ሂደት

ላፕቶፕ ከሆነ ከቻርጀር ጋር መገናኘት፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ቢቻል በዩፒኤስ መደገፍ አለበት። በተለይ የፓርቲሽን መጠን በሚቀየርበት ጊዜ መብራት ቢቋረጥ ጉዳቱ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

መጫኛው ስለ ዲስኩ አጠቃቀም ሲጠይቅ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነው አማራጭ ፈጽሞ መመረጥ የለበትም። በእጅ የሚደረገው አከፋፈል ይመረጥና የሚከተሉት ይፈጸሙ፦

1. የቀድሞው የሥርዓት ፓርቲሽን በእዝባር ምልክት (/) ለሚወከለው ሩት ይመደብ፤ ፎርማት እንዲደረግም ይታዘዝ።
2. የ«ሆም» ፓርቲሽን «ሆም» ተብሎ ይመደብ፤ የፎርማት ምልክቱ ግን ባዶ ሆኖ ይቆይ።
3. የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ካለ ሳይጠፋ ጥቅም ላይ ይዋል። በኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስም ካለ የሚነሳው በዚሁ በኩል ሊሆን ይችላል።
4. ለውጦቹ በዲስኩ ላይ ከመጻፋቸው በፊት የሚታየው ማጠቃለያ በጥሞና ይነበብ። «ሆም» ፎርማት ከሚደረጉት ዝርዝር ውስጥ ከታየ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እስከዚህ ነጥብ ድረስ የተሳሳተውን ሁሉ ማረም ይቻላል። ለውጡ ከተጻፈ በኋላ ግን፣ በተለይ በኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ፣ ፎርማት የተደረገን ፓርቲሽን መረጃ መልሶ ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

የተጠቃሚ ስም ሲጠየቅ ቀድሞ የነበረው ስም ፊደሉ ሳይለወጥ መግባት አለበት። ስሙ ከተለወጠ ሥርዓቱ አዲስ ባዶ ማውጫ ስለሚከፍት ፋይሎቹ የጠፉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በቀድሞው ስም ማውጫ ውስጥ ይገኛሉ።

ከጭነቱ በኋላ

ሊኑክስ የፋይልን ባለቤት የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በፌዶራ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር 1000 ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ በርካታ ተጠቃሚዎች ከነበሩ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው መመዝገብ አለባቸው። አለዚያ ፋይሎቹ ፈቃድ የለም በሚል ምክንያት አይከፈቱም፤ በዚህ ጊዜ ባለቤትነቱን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስተካከል ይቻላል።

ፕሮግራሞች የሥርዓቱ አካል በመሆናቸው እንደገና መጫን አለባቸው። ከጫኑ በኋላ ብዙዎቹ በ«ሆም» ውስጥ የቆየውን ማስተካከያ ያገኙታል። ሆኖም ፋየርፎክስና ተንደርበርድ በአዲስ ዕትም ሲሠራበት የነበረን መረጃ በአሮጌ ዕትም መክፈትን ስለሚከለክሉ፣ ከቀድሞው ያነሰ ዕትም መጫን አይመከርም። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምና እንደ አቢሲኒካ ያሉ የግዕዝ ፊደላት ቅርጾች በሥርዓቱ ላይ ተጭነው ከነበሩ እነርሱም እንደገና መጫን ያስፈልጋቸዋል።

በመጨረሻም፣ የመጠባበቂያ ቅጂው ሥራው እንዳለቀ ወዲያውኑ ሊሰረዝ አይገባም። ተጠቃሚው ሰነዶቹን፣ ኢሜይሉንና ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ መቆየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው እየታደሰ ቢቀመጥ ለቀጣዩ ብልሽት ዝግጅት ይሆናል።