ጥንድ ሆኖ መኖርና አንድ ለአንድ መወሰን በፕራይሜቶች ዘንድ

የሰው ልጅ የጥንድ ሕይወት ከየት እንደመጣ የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት የሥጋ ዘመዶቹን ፕራይሜቶችን፣ ማለትም የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖችን ነው። የምርምሩ ታሪክ በአመዛኙ አንድ ስሕተት ቀስ በቀስ የታረመበት ታሪክ ነው፤ ይኸውም አብሮ የሚኖር ሁሉ ለተጓዳኙ ብቻ የተወሰነ ነው ብሎ መደምደም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካዊው ተመራማሪ ክላረንስ ሬይ ካርፔንተር በሲያም፣ በዛሬዋ ታይላንድ፣ ጊቦን የተባሉትን ጭራ የለሽ ፕራይሜቶች በደን ውስጥ ተከታተሉ። ያዩት ትልቅ መንጋ ሳይሆን አንድ ተባዕት፣ አንዲት እንስትና ግልገሎቻቸው የሚኖሩበትን አነስተኛ ቤተሰብ ነበር። ጥናታቸው በ1940 ከታተመ በኋላ ጊቦን ለብዙ ዓመታት የአንድ ለአንድ ኑሮ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀስ ነበር።

በ1990ዎቹ ግን ራይን ፓሎምቢት በሱማትራ፣ ኡልሪክ ራይካርድ ደግሞ በታይላንድ ካኦ ያይ ባደረጓቸው ጥናቶች ጊቦኖች ተጓዳኛቸውን ትተው ሌላ እንደሚይዙ፣ ከጥንዳቸው ውጭም ወሲብ እንደሚፈጽሙ ታየ። በአንጻሩ ኤድዋርዶ ፈርናንዴዝ ዱኬና ባልደረቦቻቸው በአርጀንቲና ባጠኗቸው የሌሊት ጦጣዎች ዘንድ የተገኘው ውጤት የተለየ ነበር። በ2014 የታተመው የዘረ መል ምርመራ ከ17 ጥንዶች የተወለዱ 35 ግልገሎች በሙሉ የጥንዱ አባት ልጆች መሆናቸውን አረጋገጠ። በዚህ ዝርያ ግልገሉን በአብዛኛው የሚያዝለው አባት ነው።

ይህ ኑሮ ለምን ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ በ2013 ሁለት ተፃራሪ መልሶች ቀረቡ። ዲተር ሉካስና ቲም ክላተን ብሮክ ከ2,500 በላይ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን አነጻጽረው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ በጥንድ እንደሚኖሩ ገለጹ፤ ምክንያቱም እንስቶች ተራርቀው ሲኖሩ አንድ ተባዕት ከአንዲት በላይ መጠበቅ ስለማይችል ነው አሉ። ክሪስቶፈር ኦፒና ባልደረቦቻቸው ግን 230 የፕራይሜት ዝርያዎችን መርምረው የጥንድ ኑሮን ያስከተለው ባዕድ ተባዕት ግልገል የመግደሉ አደጋ መሆኑን አመለከቱ። የጤና ባለሙያ እንደሚያውቀው ማጥባት እንቁላል የመውጣቱን ሂደት ያዘገያል፤ ግልገሏ የሞተባት እናት ግን ፈጥና ለመፀነስ ትበቃለች።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን ደም መፍሰስ ለመከላከል የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም በሜዳ አይጦች ላይ ከተደረጉ ሙከራዎች በኋላ «የፍቅር ሆርሞን» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በ2023 ግን የኦክሲቶሲን ተቀባይ እንዳይኖራቸው የተደረጉ የሜዳ አይጦች እንደቀድሞው ከተጓዳኛቸው ጋር ሲተሳሰሩ ተገኙ። ትስስር በአንድ ሆርሞን ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ስለሆነም አብሮ መኖር፣ መተሳሰርና በወሲብ መወሰን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። የጦጣ ጠባይ ለሰው ሕግ ሊሆን አይችልም፤ ጥንቃቄው ግን ለክሊኒክም ይጠቅማል። ባለትዳር በመሆኗ ብቻ ለአባላዘር በሽታ አልተጋለጠችም ተብላ ሳትጠየቅ የምትሸኝ ታካሚ የዚያው የቆየ ስሕተት ተጎጂ ናት።