መርፌና ዲግሪ

«ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አበው፡፡ ባለሙያ አፉን ይዞ ሥራው ይናገርለት ማለታቸው ነው፡፡ ምክሩ ለጨዋነት ይበጃል፡፡ ይሁንና በልብና በእጅ ብቻ የተቀመጠ ዕውቀት፣ መዝገብና ማኅተም በሚጠየቅበት አደባባይ ሲቆም ለራሱ መመስከር ይቸግረዋል፡፡ የልብስ ንድፍ ትምህርትም በዚሁ ምክንያት በዩኒቨርሲቲ በር ብዙ ዘመን ደጅ ጠንቷል፡፡ በእንግሊዝ አገር ደጅ የጠናበትን ዘመን እነሆ እናስታውስ፡፡ (የእንግሊዙ ታሪክ ዘመናት እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው፡፡)

በ1928 ሙሪየል ፔምበርተን የተባለች ወጣት፣ የሸክላ ፋብሪካዎች ከሞሉበት ከስታፎርድሺር ተነሥታ ለንደን ወደሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገባች፡፡ አመጣጧ ሥዕል ለመማር ነበር፤ ልቧ ግን ወደ ልብስ አደላ፡፡ ኮሌጁ ደግሞ እንዲህ ያለ ትምህርት አልነበረውም፡፡ የንድፍ ክፍሉ ፕሮፌሰር ትሪስትራም በመካከለኛው ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች ጥናት የታወቁ ሰው ነበሩ፡፡ ጥያቄዋን አልናቁትም፤ ትምህርቱን ራሷ እንድትቀርፀው ፈቀዱላት፡፡ እሷም ሬቪል ከተባለው ስመ ጥር የልብስ ቤት ገብታ የባለሙያዎቹን አሠራር ቀሰመች፤ ቅዱን ደግሞ ሌላ ዘንድ ሄዳ ተማረች፡፡ በ1931 በልብስ ንድፍ ዲፕሎማዋን ይዛ ወጣች፡፡ ከእሷ በፊት ከዚያ ኮሌጅ በዚህ ሙያ ዲፕሎማ የተቀበለ አልነበረም፡፡

ከዚያም በሴንት ማርቲንስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች፤ የልብስ ንድፍ ክፍሉንም መሠረተች፡፡ ሠዓሊ ነበረችና የትምህርቷ መነሻ ሥዕል ነበር፡፡ በ1975 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ብዙ ትውልድ አፈራች፡፡

ሮያል ኮሌጅም በበኩሉ በ1948 ማጅ ጋርላንድን የመጀመሪያዋ የፋሽን ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመ፡፡ በ1956 ወንበሩን ጄኒ አይረንሳይድ ተረከቡ፡፡ የ1960ዎቹን የለንደን ወጣት አለባበስ ከቀየሩት መካከል ማሪዮን ፎል፣ ሳሊ ተፊንና ኦሲ ክላርክ የእሳቸው ተማሪዎች ነበሩ፡፡

ታዲያ በ1967 ኮሌጁ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግና ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ባገኘ ጊዜ፣ አለቃው ሮቢን ዳርዊን ፋሽን ለዲግሪ አይበቃም የሚል አቋም ያዙ፡፡ እኒህ ሰው የዝነኛው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊን ልጅ የልጅ ልጅ ናቸው፡፡ ሌሎች ክፍሎች ዲግሪ ሲታደሉ፣ የኮሌጁን ስም በዓለም ጋዜጦች ያስጠራው ክፍል ከደጅ ቀረ፡፡ አይረንሳይድ ውሳኔውን በመቃወም በ1968 ሥራቸውን ለቀቁ፡፡

ለመሆኑ ልብስ ቀዳጅ ምን ያውቃል? ጨርቅ ጠፍጣፋ ነው፤ ገላ ግን ክብ፣ ጎባጣና ተንቀሳቃሽ ነው፡፡ ጠፍጣፋውን ለክቡ ማስማማት የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን በወረቀት፣ በመቀስና በመርፌ ነው፡፡ ጨርቁ በድሩ አቅጣጫ ሲቈረጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሰያፍ ሲቈረጥ ተለጥጦ ገላን ይከተላል፡፡ የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ጥቂት ሰፋ ካላለ ክንድ እንደ ልብ አይነሣም፤ ከመጠን በላይ ከሰፋም ይጨማደዳል፡፡ ይህን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በጣቱ ጫፍ ነው፡፡ በጣት ጫፍ የሚታወቅ ነገር ለፈተና ወረቀት አይመችም፤ አለመመቸቱ ግን አላዋቂነት አይደለም፡፡

ደጁ የተከፈተው በሌላ በኩል ነው፡፡ በ1960 የኮልድስትሪም ኮሚቴ ያቀረበውን ሪፖርት ተከትሎ፣ በ1963 በእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የ3 ዓመት ዲፕሎማ ተጀመረ፡፡ ዲፕሎማው 4 ዘርፎች ነበሩት፤ አንደኛው ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ነበር፡፡ ከትምህርቱ ጊዜ 15 በመቶ ያህሉ ለሥነ ጥበብ ታሪክና ለተጓዳኝ ጥናት እንዲውል ተወሰነ፡፡ መርፌው ብዕር ይዞ ቢመጣ ይግባ እንደ ማለት ነበር፡፡ በ1974 ይህ ዲፕሎማ ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ተለወጠ፡፡

ብዕሩም ቢሆን ለመርፌው ሸክም ብቻ አልሆነም፡፡ በ1984 ጆን ጋሊያኖ ከሴንት ማርቲንስ ሲመረቅ ያቀረበው ሥራ መነሻው በፈረንሳይ አብዮት ማግስት በአለባበሳቸው ጉድ የተባሉት ወጣቶች ታሪክ ነበር፡፡ ብራውንስ የተባለው የለንደን መደብር ልብሶቹን ጠቅልሎ ገዝቶ በመስኮቱ ሰቀላቸው፡፡

ይህን ታሪክ ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገሬ ይመለሳል፡፡ የምንኮራበትን ጥበብ ለብሰን፣ የሠራውን ሰው «ሸማኔ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን፡፡ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሁሉ እንዲታቀብ በአዋጅ ማስጠንቀቅ አስፈልጓቸው ነበር፡፡ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፋሽን ዲዛይን የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፡፡ የሸማኔ ልጅ አባቱ በተሰደበበት ሙያ ጋውን ለብሶ ሊመረቅ ይችላል፡፡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፡፡ ፔምበርተን ዲፕሎማዋን ያገኘችው ከልብስ ሰፊዎቹ ቤት ገብታ፣ በእነሱ ወንበር ተቀምጣ ተምራ ነው፡፡ የእኛ ተመራቂስ መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ከሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ «አባባ፣ ይህን ጥለት እንዴት አወጡት?» ብሎ ይጠይቃል? ዲግሪው ለእጁ ዕውቀት ክብር ለመስጠት የመጣ ከሆነ፣ ትምህርቱ ከዚያም ይጀምር፡፡