በግብጽ ምሥራቃዊ በረሓ የነበሩት የጥንት የወርቅ ጕድጓዶች

ከዓባይ ወንዝ በስተ ምሥራቅ እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋው የግብጽና የኑቢያ በረሓ ሲያዩት ደረቅ ተራራና አሸዋማ ሸለቆ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፈርዖኖችና ከእነርሱ በኋላ የነገሡት በጥሊሞሳውያን ግምጃ ቤታቸውን የሞሉበት ወርቅ አብዛኛው የወጣው ከዚሁ ምድረ በዳ ከርሥ ነው።

ተራሮቹ የቆሙበት ጥንታዊ አለት በግምት ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን የተሠራ ሲሆን፥ በሱዳንና በኤርትራ አልፎ እስከ ኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ ይደርሳል፤ የአዶላ ወርቅም የሚገኘው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። አለቱ በታላቅ ግፊት በተሰነጠቀ ጊዜ ከጥልቅ የሚነሣ ትኩስ ውኃ በስንጥቁ ወደ ላይ ወጣ። ውኃው ሲሊካና ጥቂት ወርቅ አሟምቶ ይዞ ነበርና፥ ሙቀቱና ግፊቱ ሲቀንስ የተሸከመውን በስንጥቁ ውስጥ ጥሎት ቀረ። ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ደንጊያ እንደ ዛፍ ሥር በጥቍሩ አለት መካከል ተሰራጭቶ የሚታየው ስለዚህ ነው። ወርቁ በጣም ደቃቅ ሆኖ፥ ብዙ ጊዜም ከብረትና ከድኝ ውሕድ ጋራ ተቈላልፎ ይገኛል። ወደ ምድር ገጽ በሚቀርበው ክፍል ግን አየርና ውኃ ውሕዱን ስለሚያፈርሱት ወርቁ ይላቀቃል። ሰዎች የላዩን ጨርሰው ሥሩን እየተከተሉ ወደ ጥልቁ በገቡ መጠን ድካሙ እየበዛ ትርፉ እያነሰ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራውን አኳኋን በዝርዝር የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው አጋታርኪዴስ ነው። ዋናው መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ቃሉ የቀረው የሲሲሊው ዲዮዶሮስና የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎቲዮስ ከእርሱ ቀድተው ባቈዩት ክፍል ነው። ጕድጓዶቹ የነበሩት ግብጽ ከዐረብና ከኢትዮጵያ ጋራ በምትዋሰንበት ስፍራ እንደ ሆነ ይናገራል። (ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ፥ በተለይም ኑቢያን ማለታቸው ነበር።)

እንደ ጽሑፉ፥ ወደዚያ የሚላኩት ወንጀለኞች፥ የጦር ምርኮኞችና በሐሰት የተከሰሱ ሰዎች፥ አንዳንድ ጊዜም ከነቤተ ሰባቸው ነበሩ። ጠባቂዎቻቸው የእስረኞቹን ቋንቋ የማያውቁ ባዕዳን ወታደሮች ናቸው፤ ይህም ተነጋግረው እንዳይወዳጁና ጠባቂው በጉቦ እንዳይደለል የታሰበ ብልሃት ነው። ደንጊያ የሚለይ አንድ ባለሙያ ሥራውን ይመራል። ጠንካራው አለት በታላቅ እሳት ተቃጥሎ ከላላ በኋላ ጕልበት ያላቸው ወንዶች በብረት መዶሻ ይፈልጡታል። መንገዳቸው ቀጥ ያለ አይደለም፤ የሚያብረቀርቀው ደንጊያ ወደ ዞረበት እየዞሩ ይቈፍራሉ። በጨለማው ውስጥ የሚያዩት ግንባራቸው ላይ ባሰሩት መብራት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በዋሻው ገብተው ስብርባሪውን እየለቀሙ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ያለፈ ወንዶች ይህን ተቀብለው በደንጊያ ሙቀጫ በብረት ዘነዘና የጓያ ፍሬ እስኪያህል ይወቅጡታል፤ ሴቶችና ሽማግሌዎችም በአንድ ወፍጮ ሁለት ሦስት እየሆኑ እንደ ዱቄት ያልሙታል። በሽተኛ፥ አካለ ስንኩል ወይም ሴት ብሎ የሚምር የለም።

ዱቄቱ በጥቂቱ ባዘመመ ሰሌዳ ላይ ውኃ እየፈሰሰበት ይታሻል፤ ቀላሉ አፈር በውኃው ይሄዳል፥ ከባዱ ወርቅ ይቀራል። የተረፈውን አፈር ደግሞ በሰፍነግ እየጠቀጠቁ ያነሡታል። ከዚያ በኋላ አንጥረኞች ወርቁን መዝነው በሸክላ ማሰሮ ከእርሳስ፥ ከጨው፥ ከጥቂት ቆርቆሮና ከገብስ ፉርሽካ ጋራ ይከቱታል፤ አፉንም በጭቃ መርገው 5 ቀንና 5 ሌሊት በምድጃ ያነዱበታል። ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቃል አያውቁት ይሆናል እንጂ ብልሃቱ የታወቀ ነው፤ ጨው ብሩን፥ እርሳስ ሌሎቹን ተራ ማዕድናት ከወርቁ ይለያል።

በአሮጌዎቹ ዋሻዎች ውስጥ ብረት ከመለመዱ በፊት የተሠራባቸው የነሐስ መሮዎችና ናዳ የገደላቸው የብዙ ሰዎች አፅም ይገኙ እንደ ነበርም ጽፏል።

የደራሲው ቃል ሐዘን የበዛበት ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ሊቃውንት አንባቢን ለማስለቀስ አጋንኖታል ብለው ተጠራጠሩ። ስለ መሣሪያውና ስለ አሠራሩ የተናገረውን ግን ምድሪቱ ራሷ መሰከረችለት፤ በበረሓው ወፍጮዎች፥ ሙቀጫዎች፥ የወርቅ ማጠቢያ መደቦችና በሥሩ ልክ የተቈፈሩ ጠባብ ዋሻዎች ተገኝተዋል። ክርክር የቀረው ስለ ሰዎቹ ነበር። በበጥሊሞሳውያን ዘመን ይሠራበት ከነበረው ጎዛ ከተባለው ስፍራ ጽሕፈት ያለባቸው ገሎች ወጡ፤ ለአንዳንድ ሠራተኞች ክፍያ ይሰጥ እንደ ነበረም አሳዩ። ስለዚህ ቢያንስ ከፊሎቹ በደመወዝ ያደሩ መሆናቸው ታወቀ፤ አጋታርኪዴስም ተሳስቷል ለማለት በቂ ምክንያት የተገኘ መሰለ።

ይሁን እንጂ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በዚያው በጎዛ የብረት እግር ብረት አገኙ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ታተመ። ስለዚህ ገሉና እግር ብረቱ ሁለቱም ከአንድ መንደር ወጥተዋል፤ ደመወዝ ተቀባዩና እስረኛው የተለያየ ዘመን ወይም የተለያየ አገር ሰዎች ናቸው ብሎ መገላገል አስቸጋሪ ነው። እግር ብረቱ ለእንስሳ ሳይሆን ለሰው ቍርጭምጭሚት የተሠራ ነው፤ የታሰረውም ሰው ያለ ሌላ እርዳታ ሊያወልቀው አይችልም። እርምጃውን ያሳጥርበታል፤ እጆቹን ግን ለመዶሻና ለወፍጮ ነጻ ይተዋቸዋል።