የሴራ መጻሕፍትና የአርሲ ደጋ

በአዲስ አበባ የተጠነሰሰ ወይም ተጠነሰሰ የተባለ ሴራ በአርሲ ምድር ሞትን፣ እስራትንና ግዞትን ያስከተለበት ጊዜ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ስለ እነዚህ ሴራዎች የተጻፉት መጻሕፍት ግን በአብዛኛው በመዲናዪቱ የተጻፉ፣ የመዲናዪቱን ባለሥልጣናት የሚያስናግሩና የቤተ መንግሥቱን ደጅ አልፈው የማይሄዱ ናቸው። ከአሰላ በስተምሥራቅ በአርባ ጉጉ ተራሮች አካባቢ፣ ገብስና ስንዴ በሚታረስበት በጮሌ ደጋ የሚኖር አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ሲያነብ የነገሥታቱን፣ የራሶቹንና የጄኔራሎቹን ስም በሙሉ ያገኛል፤ የራሱን አያቶች የሚያገኛቸው ግን ወይ ስም የሌላቸው ወታደሮች ወይ በስብሰባ ላይ የታዩ ሕዝብ ሆነው ነው። የሴራ መጻሕፍትን ታሪክ ከአርሲ ደጋ ቆሞ መመልከት የሚጠቅመው ይህ ጉድለት ከዚያ በኩል ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ሴራ ሲባል ጥቂት ሰዎች በምስጢር ተስማምተው በሌላ ሰው ወይም በመንግሥት ላይ የሚወጥኑት ዕቅድ ማለት ሲሆን፣ ከአሉባልታ የሚለየውም በሰነድ፣ በምስክርነት ወይም በድርጊቱ ውጤት ሊረጋገጥ የሚችል በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት መጻሕፍት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የታሪክና የትዝታ መጻሕፍት ሲሆኑ ድርጊቱን ያዩ ወይም ከሰነድ የመረመሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ የአንድን ክስ አነሣሥ፣ የምርመራውን ሂደትና ፍርዱን የሚተርኩ የወንጀል ጉዳይ መጻሕፍት ናቸው፤ ሦስተኛዎቹ ደግሞ እውነተኛውን ሴራ በሌላ ስም ሸፍነው ወይም ከምናብ አፍልቀው የሚያቀርቡ ልብ ወለዶች ናቸው።

ከመጀመሪያው ወገን ጎልቶ የሚታየው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበት የ1909 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ተሰብስበው ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ከሥልጣን ሲያወርዷቸው፣ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ክሱን ለማጠናከር ልጅ ኢያሱን በሙስሊም አለባበስ የሚያሳዩ ተቀነባብረው የተሠሩ ፎቶግራፎች ተሠራጭተው ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎችን የሚያከራክር ነው። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ፣ በቶራ መስክ የገጠማቸው በወቅቱ የአርሲ ገዢ የነበሩት ራስ ሉልሰገድ ሲሆኑ፣ ራስ ሉልሰገድ በዚያ ውጊያ ወደቁ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ።

ይህን ታሪክ የሚነግሩት መጻሕፍት እጅግ ዘግይተው ነው የታተሙት። አሸናፊው ወገን በራሱ ቃል የተረከበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተጻፈው በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር ቢሆንም የታተመው በ1965 ዓ.ም.፣ ማለትም ከድርጊቱ ሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያዩትንና የሰሙትን በጥንቃቄ የመዘገቡት የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታም ለሰፊው አንባቢ የቀረበው ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጅ ኢያሱን ከወቀሳው በስተጀርባ ለማየት የሞከረው የጎበዜ ጣፈጠ «አባ ጤና ኢያሱ» የታተመው ደግሞ ዘውዱ ራሱ ከወደቀ በኋላ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሸንጎው ክርክር፣ የጳጳሱ የአቡነ ማቴዎስ ሚናና የመኳንንቱ አሰላለፍ በዝርዝር ሲገኝ፣ ከራስ ሉልሰገድ ጋር ዘምተው በቶራ መስክ የቀሩት ወታደሮች ከየት እንደመጡ፣ ቤተሰቦቻቸውም በምን ሁኔታ እንደኖሩ የሚናገር ገጽ ግን እምብዛም አይገኝም።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው። መፈንቅለ መንግሥት በሥልጣን ላይ ያለን መንግሥት ከውስጥ ሆኖ በኃይል መገልበጥ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በሚጎበኙበት ጊዜ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የሞከሩት ይህንኑ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው ከነበሩት መሳፍንትና ሚኒስትሮች መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ አሥራ አምስቱ በጥይት ተገደሉ፤ ግርማሜ ሲሸሹ ሕይወታቸው አለፈ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ደግሞ ለፍርድ ቀርበው ተሰቀሉ። በዘውዱ ዘመን በአገር ውስጥ ስለዚህ ነገር በነፃነት መጻፍ አይቻልም ነበርና ሰፊው ትረካ በመጀመሪያ የመጣው ሪቻርድ ግሪንፊልድ በ1965 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው የኢትዮጵያ ፖለቲካ ታሪክ ነው። የብርሃኑ አስረስ «ማን ይናገር የነበረ» የተባለው የአማርኛ መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በ2005 ዓ.ም.፣ ከግርግሩ ሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ከቆሙት መኮንኖች አንዱ የፖሊስ ሠራዊቱ ታደሰ ብሩ ነበሩ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ካሠለጠኗቸው መኮንኖች መካከልም እኒሁ ታደሰ ብሩ እንደነበሩ ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ዘውዱን ከሴራ ያዳነ የተባለ መኮንን ከስድስት ዓመት በኋላ በሴራ የተከሰሰበት ጉዳይ የሜጫና ቱለማ ማኅበር ጉዳይ ሲሆን፣ አርሲም በሴራ መጻሕፍት ውስጥ በስሟ የምትገባው በዚህ ጉዳይ ነው።

የሜጫና ቱለማ ማኅበር በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመ የኦሮሞ መረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ ዓላማው ገንዘብ አሰባስቦ በገጠር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ማሠራት ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ጠበቃው ኃይለማርያም ገመዳ ይገኙበታል፤ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ደግሞ ትንሽ ዘግይተው ገብተው ማኅበሩን ከዋና ከተማው ወደ ክፍላተ ሀገር አስፋፉት። ማኅበሩ በ1958 ዓ.ም. በአዳማና በአሰላ መካከል በምትገኘው በኢተያ ያደረገው ስብሰባ ከሁሉም ይልቅ ይጠቀሳል። ገበሬውና ባላባቱ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሜዳ የተገናኙበት ይህ ስብሰባ ለአባላቱ የኅብረት ማረጋገጫ ሲሆን፣ ለመንግሥት ግን ማኅበሩ ከመረዳጃነት አልፎ መሄዱን የሚያሳይ ምልክት ሆኖ ታየው። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ የተደረገው ያው ንግግር በአንዱ ወገን ልማት፣ በሌላው ወገን ሴራ ተብሎ ሊነበብ መቻሉ የዘመኑን ፍርሃት ልክ ያሳያል፤ የመሬት ጥያቄ በአርሲ ገባር ቤት ሁሉ የሚብላላ በነበረበት ዘመን ብዙ ሕዝብ በአንድ ላይ መሰብሰቡ ብቻውን ያስፈራ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ፍንዳታ ሲደርስ ጥፋቱ በማኅበሩ አባላት ላይ ተደረገ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ማኅበሩም ታገደ። በፍርዱም ጄኔራል ታደሰ ብሩና መቶ አለቃ ማሞ መዘምር ሞት ተፈረደባቸው፤ የጄኔራሉ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ ወደ ገለምሶ ሲጋዙ፣ መቶ አለቃ ማሞ ተሰቀሉ፤ ኃይለማርያም ገመዳም በእስር ላይ ከደረሰባቸው ሥቃይ በኋላ አረፉ። ግዞት ማለት ሰውን ከሚታወቅበት አገር አርቆ በሩቅ ስፍራ በቁጥጥር ሥር ማቆየት ሲሆን፣ የሚቀጣው ግዞተኛውን ብቻ ሳይሆን ድምፁን የሚሰሙትንም ጭምር ነው።

ይህን ጉዳይ በአማርኛ በሰፊው የዘገበው የኦላና ዞጋ «ግዝትና ግዞት» በ1985 ዓ.ም. የታተመው የቅድመ ኅትመት ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 በተነሣበት ዓመት ነው። መጽሐፉ የወንጀል ጉዳይ መጻሕፍትን ዋና ጥቅም ያሳያል፤ የተፈረደባቸው ሰዎች ፍርድ ቤት ያላዳመጠውን ወይም አዳምጦ ያልመዘገበውን ቃላቸውን የሚያሰሙበት መድረክ ነውና። በዚያው መጠን የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ፈተናም በዚሁ ጉዳይ ይታያል። ጄኔራል ታደሰ ወደ ማኅበሩ የገቡት ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቁ ኦሮሞን በማስተማር ረገድ እንዲጠነቀቁ ስለመከሯቸው ነው የሚለው ትረካ በሰፊው ይነገራል። ትረካው ከጊዜው ፖለቲካ ጋር የሚጣጣም ቢሆንም ንግግሩ የተደረገው በሁለት ሰዎች መካከል ነበር፤ አክሊሉ በኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ ታደሰ ብሩም በዚያው ዓመት በመጋቢት በደርግ ተገደሉ። ስለዚህ ትረካው ሊጠቀስ የሚገባው የአንድ ወገን ምስክርነት ሆኖ እንጂ በሁለት ወገን እንደተረጋገጠ ቃል አይደለም። ይህን ልዩነት መጠበቅ የተበደሉትን ማስተባበል አይደለም፤ ምስክርነታቸው በጥያቄ ፊት ሳይናወጥ እንዲቆም ማገዝ ነው።

ታሪክና ትዝታ በዘገዩበት ዘመን አንባቢው ስለ ሴራ አሠራር የተማረው ከልብ ወለድና ከትርጉም ሥራ ነው። ማሞ ውድነህ እንደ «ሰላዩ ሬሳ» እና «የኦዴሳ ማኅደር» ባሉት መጻሕፍቶቻቸው የውጭውን ዓለም የስለላ ታሪክ ወደ አማርኛ በማምጣት የሐሰት ሰነድ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰላይ እንዴት እንደሚመለመልና ጠላት እንዴት እንደሚታለል ለአንድ ትውልድ አሳይተዋል። በአገር ውስጥ ያለውን ሴራ መጻፍ ግን ሌላ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዳራው አድርጎ፣ በአስመራ የተዘረጋን የሰላዮች መረብና የዘመቻውን ባለሥልጣናት ገመና በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለማርያም ዓይን ተረከ። አንባቢዎች ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን እውነተኛ ሰዎች ለዩ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለ ሴራ የጻፈ ሰው ራሱ የሴራ ሰለባ ሆነ፤ ገዳዮቹም እስከ ዛሬ በፍርድ አልታወቁም።

ልብ ወለድ በአርሲ ታሪክ ላይ የጣለው ጥላ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተስፋዬ ገብረአብ ታሪኩን በአርሲ ያደረገውን «የቡርቃ ዝምታ» ካሳተመ በኋላ፣ መጽሐፉ ራሱ ሕዝብን ከሕዝብ ለማጋጨት የተሸረበ ሴራ ነው የሚሉ ተቺዎችና የተዳፈነን ታሪክ ያነሣ ሥራ ነው የሚሉ አንባቢዎች ተነሡ። ራስ ዳርጌ አርሲን ለማስገበር ባካሄዱት ዘመቻ መጨረሻ፣ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ በአኖሌ እጅና ጡት ተቆርጧል የሚለውን ትዝታ ለማስታወስ በሂጦሳ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ሲመረቅ ክርክሩ ይበልጥ በረታ፤ ተቃዋሚዎች ሐውልቱ በልብ ወለድ ላይ የቆመ ነው ሲሉ ተደመጡ። ይሁን እንጂ የአርሲ ሽማግሌዎች ስለ አኖሌ የሚያወርዱት ቃል ልብ ወለዱ እስኪጻፍ አልጠበቀም፤ የአርሲን ወረራና ተጋድሎ ከቃልና ከጽሑፍ ምንጮች ያጠናው የታሪክ ምሁር አባስ ሐጂም የዚህን ዘመን ታሪክ በልብ ወለድ ላይ ሳይመሠረት ጽፏል። አኖሌን በልብ ወለድ የሚያረጋግጥም ሆነ ልብ ወለዱን ጠቅሶ አኖሌን የሚክድ ሰው ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የታሪክን ሸክም ሊሸከመው በማይችል መጽሐፍ ላይ ይጭኑታልና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት የሴራ መጽሐፍ የሚመዘነው በሚያስደንቀው ትረካው ሳይሆን በጥቂት ጥያቄዎች መሆኑ ነው። ጸሐፊው በድርጊቱ ጊዜ የት ነበር? መጽሐፉ የወጣው የተወቀሰው ሰው መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ነው ወይስ ካለፈ በኋላ? የተጠቀሰው ቃል ሰነድ አለው ወይስ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ብቻ የቆመ ነው? የሴራውን ዋጋ የከፈሉት ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ይናገራሉ ወይስ ይቆጠራሉ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ሲጠይቁ ኖረዋል፤ አራተኛውን ግን ከአርሲ ሰው በተሻለ ሊጠይቅ የሚችል የለም።

ስለዚህ በአሰላ የሚገኘው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ በጮሌ፣ በኢተያና በሌሎችም አካባቢዎች የሚያስተምሩ የታሪክ መምህራን፣ በኢተያ ስብሰባ የተገኙትን ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙትን አዛውንት ቃል በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ አስይዘው ዛሬውኑ ሊመዘግቡ ይገባል። በ1958 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ዕድሜው ሰማንያ ገደማ ነውና ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።