የአኩፋዳው ሒሳብ፦ በላስታ የድሃ ልጅ ትምህርት በማን ወጪ ቆየ?

ወላጅ ያጡና አቅም የሌላቸው ልጆች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲማሩ ስለመደገፍ በስብሰባዎቻችን ስንነጋገር ብዙዎቻችን ጉዳዩን እንደ አዲስ ነገር አይተነዋል። «ስፖንሰር» የሚለው ቃል አዲስ ነው እንጂ ሥራው በላስታ ከአያቶቻችንም በፊት የነበረ ነው። ወጪውንም በአብዛኛው የሸፈኑት ሴቶች ናቸው፤ መዝገብ ስላልተያዘለት ማንም አልቆጠረውም።

በአገራችን ሲነገር በኖረው ታሪክ ነአኩቶ ለአብን ያሳደጉት አጎቱ ንጉሥ ላሊበላና ንግሥት መስቀል ክብራ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በስሙ ይጠራል። የወንድምን ልጅ ወስዶ ማሳደግ በቤተ መንግሥትም የነበረ ልማድ ነው ማለት ነው። የድሃው ልጅ አጎት ግን ንጉሥ አይደለም።

የድሃው ልጅ መንገድ የቆሎ ተማሪነት ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅዳሴ፣ ወደ አቋቋም፣ ወደ ቅኔ ይሻገራል፤ የበረታውም እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቃል። ይህ ዓመታት ይፈጃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። የሚያበላው ግን መንደሩ ነው፤ ከመንደሩም ምጣድ ሥር የምትውለው እናት። ለራሷ ልጆች ከማይበቃው የገብስ እንጀራ ቁራሽ ቆርሳ ትሰጠዋለች። እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ይህን መዋጮ እንለዋለን። አንዷ ዛሬ ባይኖራት ጎረቤቷ አላት፤ ልጁ በአንድ ሰው ኪስ ላይ አልተንጠለጠለም።

ነገሩን ከሆነው በላይ ማሳመር ግን አይገባም። ተማሪዎቹ ይራቡ ነበር፣ እከክና ተስቦ ይጫወትባቸው ነበር። ሴት ልጆች ደግሞ ከዚህ መንገድ ውጭ ነበሩ ማለት ይቻላል። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ዛሬም የሚነሣው እንዲህ ያለች ሴት ብርቅ ስለነበረች ጭምር ነው። እናቶች ለሰው ልጅ ቁራሽ ሲያዋጡ የራሳቸው ሴት ልጅ ወፍጮው ላይ ነበረች።

ሌላው ምሰሶ መሬት ነበር። አብያተ ክርስቲያናት የነበራቸው መሬት ካህናቱንና መምህራኑን ያስተዳድር ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን አስቀረው። ገበሬው ባለመሬት መሆኑ ተገቢ ነው፤ የየኔታ ማደሪያ ግን በምእመናን ትከሻ ላይ ብቻ ወደቀ። ምእመናኑ ደግሞ ከ1966ቱ ረሃብ ገና አላገገሙም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ሌላ ረሃብ መጣ፤ ከዋግና ከላስታ ተራሮች ሰው በእግሩ ወደ ቆረም ጎረፈ። እንዲህ ሲሆን መዋጮው ራሱ ይቆማል። የሁሉም እጅ ባዶ ከሆነ አኩፋዳ ምን ይሞላዋል?

በወሎ ወላጅ አልባ ልጆችን ስለመርዳት ሲነሣ የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አለማንሣት አይቻልም። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ፤ ሲመለሱም ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ባለቤታቸው ነገሩን ስላልተቀበሉት ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥም አሳደጓቸው። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በስማቸው የሚጠራው ማኅበር እጅግ ብዙ ልጆችን ረድቷል። የተነሡት ከውጭ ገንዘብ ሳይሆን ከምጣድ መሆኑን ልብ በሉልን።

በላሊበላ ደግሞ የውጭ ጎብኚው ስፖንሰር መሆን ጀመረ። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ በተለይም ሰላም በነበረባቸው ዓመታት፣ ከጎብኚ ጋር ተዋውቆ የደብተርና የቤት ኪራይ የሚላክለት ተማሪ ብዙ ነበር። በዚህ ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁ አሉ፤ ውለታው አይረሳም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጎብኚው ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ግጭቱ እንደገና አገረሸ። በአንድ ለጋስ ላይ የቆመ ትምህርት ያ ለጋስ ሲርቅ ይቋረጣል። የሰፈሩ ቁራሽ በረሃብ ጊዜ ይቆማል፣ የሩቁ ገንዘብ በጦርነት ጊዜ።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ደጋፊዎች የሚልኩት ለአንድ ልጅ በስም ከሚሆን ወደ አንድ የጋራ ሣጥን ይግባ፤ አባላትም አቅማችን የፈቀደውን በየወሩ እንጨምር፣ ትንሽም ቢሆን። ልጆቹ አብነቱን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አብረው ይማሩ፣ የሳሙናና የሕክምና ወጪም በበጀቱ ይያዝ። ሴት ልጆች ከመጀመሪያው መዝገብ ላይ ይግቡ፤ በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር ደስ ይለናል። ከሚገባው ገንዘብም የተወሰነው ሳይነካ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። መጠባበቂያው የስንት ወር ወጪ ይሁን የሚለውን አባላት ከመስከረም ምዝገባ በፊት ይወስኑ፤ እኛ ከስድስት ወር ባያንስ እንላለን።